የሙዚቃ ማጫወቻን ከመኪና ቴፕ ጋር የማገናኛ መንገዶች

ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣ የመኪና ቴፕ ስልክን ወይም አነስተኛ የሙዚቃ ማጫወቻን እንዲያስተናግድ ሲፈለግ፣ ብዙውን ጊዜ መነቀል አያስፈልገውም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ቴፑ ያለው መግቢያ የትኛው እንደሆነ ነው።

ቀላሉ መንገድ ቀጥተኛ ገመድ ነው። «ኦክስ» የሚል ክብ ቀዳዳ ካለ፣ በሁለቱም ጫፍ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ያለው ገመድ ይበቃል። ማጫወቻው ከመኪናው ኃይል እየተሞላ ሳለ፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ጩኸት ከተሰማ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በመሙያው በኩል የሚመጣ ነው፤ መሙያው ሲነቀል ጩኸቱ ይጠፋል።

የዩኤስቢ መግቢያ ያለው መኪና ሁሉ ሙዚቃ አያጫውትም፤ አንዳንዱ ኃይል ለመሙላት ብቻ የተሠራ ነው። ብሉቱዝም እንዲሁ ነው፤ በቀደሙት መኪኖች ላይ የስልክ ጥሪን ብቻ የሚያስተላልፍ አለ።

ቴፑ ካሴት የሚቀበል ከሆነ የካሴት አስማሚ ይረዳል። በአስማሚው ውስጥ ያለ አነስተኛ ኤሌክትሮማግኔት ከቴፑ አንባቢ ራስ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ራሱም የሚለዋወጠውን ማግኔታዊ ኃይል ከካሴት እንደመጣ ቆጥሮ ያነበዋል። ራሱ ከቆሸሸ ድምፁ ይታፈናል።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የመጨረሻው አማራጭ በሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ የኤፍኤም አስተላላፊ ነው። አስተላላፊው በአብዛኛው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ይሁንና ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ያለው ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው አስተላላፊውን ከ87.5 እስከ 90 ባለው ጠባብ ክልል፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ ማስተካከል ይኖርበታል። አለዚያ ጉድለት የሌለበትን ዕቃ እንደ ተበላሸ ቆጥሮ ይመልሳል።

ቴፑን ማውጣት የግድ ከሆነ፣ የባትሪው አሉታዊ ገመድ አስቀድሞ ይፈታል። አንዳንድ ቴፖች ኃይል ሲቋረጥባቸው ስለሚቆለፉ፣ ከዚያ በፊት የመክፈቻው ቁጥር በእጅ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ዘፈን መምረጥ ደግሞ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚጠናቀቅ ሥራ ነው።