ሰባራ ድልድይና የዓባይ ሙላት
ብቸናና ሞጣ ባሕር የላቸውም፤ የሚፈሩት ማዕበል የክረምቱ ዓባይ ነው። ጎጃምን በሦስት ወገን የከበበው ወንዝ ሲሞላ ገበያተኛም ዘመድም ወዲያና ወዲህ ይቀራል። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገረው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ሰው በገመድ እየተጎተተ 60 ዓመት ያህል ተሻገረ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ በ1997ቱ ክረምት ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው።

«አሮጌው 300 ዓመት ገደማ ቆሞ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መጀመሪያ ያፈረሰውም ሰው እንጂ ውሃ አይደለም። ይሁንና የትናንት ጽናት ለነገ ሙላት ዋስ ሊሆን እንደማይችል 1997 አሳይቷል። በኋላ የተዘረጋው የገመድ ድልድይ የተሻለ መልስ ነው፤ ወንዙ ውስጥ የሚቆም ምሰሶ የለውምና። የወረዳ መሐንዲሶች የአምናውን ሳይሆን በሽማግሌዎች የሚታወሰውን ከፍተኛ ሙላት መለኪያ ያድርጉ።