የተሸነፈ የማይተርፍበት ሸንጎ

የቀድሞዎቹ የደርግና የኢሠፓ ባለሥልጣናት ትዝታዎቻቸውን በመጽሐፍ ማሳተም ከጀመሩ ወዲህ አንባቢው ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ። «ይህን ሁሉ እያያችሁ ስለ ምን ዝም አላችሁ?» ይላል። እኔም የሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ»ን፣ የሌተና ኮሎኔል ፍሥሐ ደስታን «አብዮቱና ትዝታዬ»ን ያነበብኩት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው። በተለምዶ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ጭካኔ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ብሂል ጠቅሶ ነገሩን የባህላችን ዕዳ ያደርገዋል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን አጥጋቢ ሆነው አላገኘኋቸውም። ጨካኝ መሪ በሌላውም አገር ነበረ፤ ለአለቃ ማጎንበስም የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም።

እስቲ ከወረቀቱ እንጀምር። የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. በተካሄደው መሥራች ጉባኤ ሲቋቋም፣ ፖሊት ቢሮው ዐሥራ አንድ ሙሉ አባላት ነበሩት። ሰባቱ ከደርግ የመጡ መኰንኖች ናቸው፦ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ፣ ፍሥሐ ደስታ፣ ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ብርሃኑ ባይህ፣ አዲስ ተድላ እና ለገሠ አስፋው። ዶክተር ዓለሙ አበበ፣ ሽመልስ ማዘንጊያ፣ አማኑኤል አምደ ሚካኤል እና ኃይሉ ይመኑ ደግሞ ተጨመሩባቸው። ከሞስኮ በተቀዳው ሥርዐት መሠረት ዋና ጸሐፊው የኮሚቴው ሰብሳቢ እንጂ ጌታው አይደለም። በጉዳዩ ላይ ይወያያሉ፤ በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ፤ ጥቂቱ ለብዙኀኑ ይገዛል። ይህ ማለት ስድስት ሰዎች ቢስማሙ ዋና ጸሐፊውን በድምፅ ሊረቱ ይችሉ ነበር ማለት ነው። በወረቀት ላይ።

ይህ ነገር በሞስኮ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1964 ኒኪታ ክሩሽቼቭ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ዕረፍት ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸው ለአስቸኳይ ስብሰባ ጠሯቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ከሥልጣን ወረዱ። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት ዕድሜና ጤና ነበር። የፓርቲውን መንበር ብሬዥኔቭ፣ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ኮሲጊን ወረሱ። ክሩሽቼቭ ግን አልታሰሩም፤ አልተረሸኑምም። ጡረታ ተቆርጦላቸው እስከ 1971 ድረስ ኖሩ።

እንግዲህ ቁልፉ ነገር ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በስታሊን ዘመን ፖሊት ቢሮው ከጥቂቶች በቀር ቀና ብሎ የሚናገር አልነበረበትም፤ የተናገረም የት እንደሚደርስ ይታወቃልና። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሞት የተረፉት ጓዶች የጸጥታውን ሹም ቤሪያን አስረው በዚያው ዓመት አስረሸኑ። በመካከላቸው በሥልጣን ሽኩቻ ምክንያት የተገደለ የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ሞሎቶቭና ማሌንኮቭ ከሌሎች ጋር ሆነው ክሩሽቼቭን ለማውረድ ሞክረው ተሸነፉ። ሞሎቶቭ አምባሳደር ተደርጎ ወደ ሞንጎሊያ፣ ማሌንኮቭ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ አስኪያጅ ተደርጎ ወደ ካዛክስታን ተላኩ። ውርደት ነው፤ ግን ሞት አይደለም። በ1964 ክሩሽቼቭን ፊት ለፊት የተናገሯቸው ሰዎች ይህን አይተዋል። ቢሸነፉ የሚጠብቃቸው ሩቅ አገር ያለ ትንሽ ሹመት እንጂ ጉድጓድ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ድፍረታቸው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ታሪኩ ይገለበጣል። የደርግ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ከደርጉ ጋር በሐሳብ ተለያዩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በገዛ ቤታቸው ተገደሉ። በዚያው ሌሊት ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኰንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ቀጥሎ የመጡት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ናቸው። በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤልና ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌ የደርጉን መዋቅር የሚያሻሽል ደንብ አስወሰኑ። ዓላማው የሻለቃ መንግሥቱን ሥልጣን መቀነስና አመራሩን የጋራ ማድረግ ነበር። ይህ በዚያ ሥርዐት ታሪክ ውስጥ አንድን ሰው በደንብና በድምፅ ለመገደብ የተደረገ ዋነኛው ሙከራ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ቆየ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ሊቀመንበሩ፣ ሞገስ፣ ዓለማየሁና ሌሎችም ተገደሉ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ምክትል ሊቀመንበሩ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተራው ደረሳቸው።

በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ከፍተኛ መሪዎች ማለት ነው። ኋላ በፖሊት ቢሮው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰባት መኰንኖች ይህን ሁሉ ከቅርብ ሆነው ያዩ፣ አንዳንዱንም በድምፃቸው ያጸደቁ ናቸው። «የሞተ ተጎዳ» የሚለውን አባባል እንደ እነርሱ በቅርብ የተረዳ የለም።

ፓርቲው ሲመጣ ታዲያ ይህን ሊያርመው አልቻለም። በሌላው አገር ፓርቲው ሥልጣን ያዘ፤ በእኛ አገር ሥልጣን የያዘው ሰው ፓርቲውን ሠራ። በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. የተቋቋመው አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ አባላቱን የመለመለው በግለሰብ ደረጃ እንጂ በድርጅት አልነበረም። ሊቀመንበሩ አስቀድመው የተሰየሙ ሲሆን የቀሩት ሹማምንት በእርሳቸው ተሾሙ። በሹመት ወንበር ያገኘ ሰው ደግሞ ሿሚውን በድምፅ አይረታም። መሥራች ጉባኤው በድምቀት ሲካሄድ በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረኃብ እያለቀ ነበር፤ የረኃቡ ነገር ከበዓሉ ኋላ ተገፋ።

ይህ ሕመም የእኛ ብቻ እንዳልነበረ ጎረቤታችን ኤደን ትመሰክራለች። የደቡብ የመን ሶሻሊስት ፓርቲም ከቀደሙ መሪዎቹ አንዱን፣ ሳሊም ሩባይ ዓሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ረሽኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1986 ፖሊት ቢሮው ሊሰበሰብ ሲዘጋጅ የዋና ጸሐፊው የዓሊ ናስር ሙሐመድ ጠባቂዎች ወደ አዳራሹ ገብተው በተቀመጡት አባላት ላይ ተኩስ ከፈቱ። ዓሊ አንታርና የመከላከያ ሚኒስትሩ ሳሊህ ሙስሊህ ቃሲም ከሞቱት መካከል ናቸው። በተከተሉት ቀናት በከተማዪቱ በተደረገው ውጊያ በሺሕ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ ዓሊ ናስርም ተሸንፎ ሸሸ። ሁለቱም ወገኖች መሸነፍ ሞት መሆኑን ካመኑ አስቀድሞ የተኮሰ ብልህ ይመስላል። ኤደን ሁለቱም ተኮሱ፤ አዲስ አበባ ላይ መተኮስ የሚችለው አንዱ ብቻ ስለ ነበር የቀሩት ዝም አሉ።

የዝምታው ዋጋ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተከፈለ። በ1980 ዓ.ም. ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በሊቀመንበሩ ትእዛዝ ተረሸኑ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በመጋቢት አፍአበት ወደቀ። በ1981 ዓ.ም. ትግራይ ከመንግሥት እጅ ወጣ። በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲሄዱ ሊያወርዷቸው የተነሡት ጄኔራሎች ናቸው እንጂ ፖሊት ቢሮው አልነበረም። ሙከራው ከሸፈ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ዐሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና የፓርቲው ስም ሲቀየር ጊዜው አልፎ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ በአውሮፕላን ተነሥተው በናይሮቢ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ፖሊት ቢሮው መሪውን በድምፅም በጥይትም አላሰናበተም፤ መሪው ራሱ ነው ኮሚቴውን ትቶት የሄደው። በሳምንቱ ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ብርሃኑ ባይህ፣ አዲስ ተድላና ኃይሉ ይመኑ የጣልያን ኤምባሲን ደጅ አንኳኩ። ሁለቱ እዚያው ሞቱ፤ ብርሃኑና አዲስ የወጡት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስል ፍርሃታቸው ነጻ ያወጣቸዋል ማለቴ አይደለም። ፈርቶ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ፈርቶ መፈረም፣ ማዘዝና መሾም ሌላ ነው። አስቀድሞም የተሸናፊውን ሞት ሕግ ያደረጉት እነርሱው ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ መግደልን ያጸደቀ እጅ በ1969 ዓ.ም. ተመልሶ የራሱን ጓድ ሲመታ ቢያይ ሊደነቅ አይገባውም ነበር።

ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኞች ናቸው አላቸው። በመጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት፣ በይግባኝ ደግሞ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች በለመኑት መሠረት በእስር የነበሩት የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ ተፈቱ። በዚህ ውሳኔ የተቆጡ የሟች ቤተሰቦች እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ቁጣቸውም ይገባኛል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ለሌላው የነፈጉትን ነገር አገኙ፤ ተሸንፈው በሕይወት ኖሩ። ስለኖሩም ጻፉ፤ እኛም ጽሑፋቸውን አንብበን እንሞግታቸዋለን። አማን አንዶም፣ ተፈሪ በንቲና አጥናፉ አባተ ግን የጻፉልን ትዝታ የለም። የዚያን ዘመን የስብሰባ አዳራሽ ክርክር የምንሰማው ከአሸናፊው ወገን ከቀሩት አንደበት ብቻ ነው።