ማሲንቆ

ማሲንቆ በደጋን እየተገዘገዘ የሚጫወቱት ባለ አንድ አውታር የኢትዮጵያ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው።

አሠራር

ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥኑ በቆዳ ይለበጣል፤ አውታሩና የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ ይሠራሉ። ተጫዋቹ አውታሩን በጣቶቹ ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ እንጨት ጋር አያጣብቀውም፤ ስለዚህ ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ይንሸራተታል።

ዜማና ጭፈራ

የማሲንቆ ዜማዎች በብዛት በአራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ይቃኛሉ። በሠርግና በጠጅ ቤት አዝማሪው ከአድማጩ ግጥም እየተቀበለ ይዘፍናል። ምቱን ሲያፈጥን እስክስታ የሚወርደውም ሰው ትከሻውን አብሮ ያፈጥናል።

ትምህርት

ሙያው ለረጅም ዘመን በቤተሰብ ውስጥ በጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ዛሬ በአዲስ አበባ በሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከክራርና ከዋሽንት ጋር ይሰጣል። ዜማውን በኖታ መጻፍ ይቻላል፤ ከጨፋሪው ትከሻና ከአድማጩ ግጥም ጋር መሄድ ግን የሚለመደው በጨዋታው መካከል ነው።

በሌላ አገር

በኖርዌይ የሃርዳንገር ቫዮሊን የሚባለው መሣሪያ ከዋናዎቹ አውታሮች ሥር በራሳቸው የሚያስተጋቡ ሌሎች አውታሮች አሉት። የጭፈራ ዜማዎቹም እንደ ማሲንቆ በጆሮ ሲተላለፉ ኖረዋል። የሴተስዳል ሸለቆ ሙዚቃና ጭፈራ በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።