ቀልዱን ማን ይከፍላል? የፊልም ወዳጆችና ዘር ጠቃሽ ቃሎቻቸው

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1972 ጁኒየስ ግሪፈን፣ የጥቁር አሜሪካውያን አንጋፋ የመብት ማኅበር የሆነው የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የሆሊዉድ ቅርንጫፍ መሪ፣ «ብላክ» እና «ኤክስፕሎይቴሽን» የተባሉትን ቃላት አጋብቶ «ብላክስፕሎይቴሽን» አለ። ጥቁርን መበዝበዝ ማለት ነው። የክስ ቃል ነበር፤ ተከሳሾቹም የጥቁር ተመልካችን ገንዘብ በዕፅ ነጋዴና በአቃጣሪ ታሪክ ይሰበስባሉ የተባሉት ስቱዲዮዎች ነበሩ። ዛሬ ይኸው ቃል የቁልምጫ ስም ሆኗል። የዚያን ዘመን ፊልሞች የሚያሳድዱ ወዳጆች እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ቃሉን ብቻ ሳይሆን በፊልሞቹ ውስጥ የሚሰማውን ዘር ጠቃሽ አነጋገርም ይዋሳሉ። ለምን ሲባሉ «ከፍቅር ነው» ይላሉ።

ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ይሁንና የሙያዬ ልማድ ሆኖብኝ፣ አንድ ነገር ደስ ያሰኛል በተባለ ቁጥር ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማየት እወዳለሁ። ለዚህም በአንድ አሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የተወለዱ ሦስት የፊልም ቃላትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው «ስፓጌቲ ዌስተርን» ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ያወጣው «እፍኝ ዶላር» በ1967 አሜሪካ ሲደርስ፣ ጣሊያናዊ የሠራው የካውቦይ ፊልም እንደ ሐሰተኛ ዕቃ ታየ፤ ስያሜውም የንቀት ነበር። ሊዮኔ ቃሉን አልወደደውም። ንቀቱ ግን ብዙ አልቆየም። በ1891 ኒው ኦርሊንስ ላይ 11 ጣሊያናውያንን የገደለው ዓይነት ጥላቻ በ1960ዎቹ ታሪክ እየሆነ ነበር፤ የጣሊያን ተወላጆች በአሜሪካ ንግድ፣ ፖለቲካና ሲኒማ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል። የተሰዳቢው አቅም ሲያድግ ስድቡ ረከሰ። (ስፓጌቲን ከጦርነት ማግስት የቤት ምግብ ላደረግነው ለእኛ ደግሞ ቃሉ ከመነሻውም የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።)

ይህን አቅም በአንድ ክስተት መለካት ይቻላል። ፓራማውንት «ጎድፋዘር»ን ሊቀርጽ ሲዘጋጅ የጣሊያን አሜሪካውያን የሲቪል መብት ሊግ ተቃውሞ አነሣ፤ አዘጋጁም «ማፊያ» የሚለውን ቃል ከድርሰቱ ለማውጣት ተስማማ። የሊጉ መሥራች ጆሴፍ ኮሎምቦ ራሱ የማፊያ አለቃ መሆኑ ነገሩን አስቂኝ ያደርገዋል፤ ድርድሩ ግን ተሳክቷል። ፊልሙ በ1972 ወጣ። በዚያው ዓመት ይኸው ፓራማውንት ፍሬድ ዊሊያምሰን የሚተውንበትን ሌላ ፊልም አሰራጨ። የዚህኛው ፊልም ርእስ የባለታሪኩን ስም ጥቁሮች በሚሰደቡበት በዚያ በታወቀው ቃል አጅቦ የያዘ ነበር። አንዳንድ ጋዜጦች ማስታወቂያውን ሲያትሙ ቃሉን በ«ብላክ» ተኩት፤ ስቱዲዮው ግን ለጎድፋዘር እንዳደረገው ቃሉን አላወጣም። አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ቃላት። ልዩነቱ ከቃላቱ ክብደት የመጣ አይደለም፤ ከሆነማ መውጣት የነበረበት ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው የፊልም ቃል «ቾፕሶኪ» በ1973 የኩንግ ፉ ማዕበል ሲመጣ በቫራይቲ ጋዜጣ የወጣ ነው። «ቾፕ ሱዊ» ከተባለው የቻይና አሜሪካውያን ምግብና ቡጢ መሰንዘርን ከሚገልጽ ቃል ተዳቅሏል። የሆንግ ኮንግ ስቱዲዮዎችን የብዙ ዓመት ጥበብ ወደ ምግብ ቤት ቀልድ ያወረደ ነው። ተከራካሪ አልነበረውም፤ ከ1882 ጀምሮ የቻይና ሠራተኞችን ያገደችው አሜሪካ በዘር ላይ የተመሠረተውን የስደተኞች ኮታ ያነሣችው በ1965 ነበርና።

ሦስተኛው ወደ ግሪፈን ይመልሰናል። እዚህ ላይ ገበያው መታየት አለበት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነጮች ወደ ከተማ ዳርቻ ሲሸሹ የመሐል ከተማ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ኤም ጂ ኤም ከችግሩ የተነሣ በ1970 የአልባሳት ግምጃ ቤቱን ሳይቀር በጨረታ ሸጧል። በ1971 ሜልቪን ቫን ፒብልስ ከስቱዲዮ ውጭ በራሱ ጥረት የሠራው «ስዊት ስዊትባክ» መጀመሪያ በሁለት ሲኒማ ቤቶች፣ በዲትሮይትና በአትላንታ፣ ተከፍቶ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በዚያው ዓመት የጎርደን ፓርክስ «ሻፍት» ለኤም ጂ ኤም እስትንፋስ ሆነ። ስቱዲዮዎቹ ባዶ አዳራሽ የሚሞላ ርካሽ ምርት አገኙ። ጥቂት ዓመት ቆይተው ግን ጥቁር ተመልካች «ጎድፋዘር»ንና «ኤክሶርሲስት»ንም ሰልፍ ይዞ እንደሚያይ ተረዱ፤ ለብቻው የሚሠራለትም ፊልም ቀረ። የጥቁር ተዋንያን፣ ጸሐፍትና የካሜራ ሠራተኞች የሥራ በርም አብሮ ጠበበ።

የግሪፈን ቃል በመንገድ ላይ አድራሻ የቀየረው በዚህ ጊዜ ነው። በዝባዡ ስቱዲዮ ወደ ሌላ ገበያ ሄደ፤ ስሙ ግን በተዋንያኑ ላይ ተለጥፎ ቀረ። «ኮፊ»ን የመሰለ ፊልም በትከሻዋ የተሸከመችው ፓም ግሪየር ለረዥም ዘመን የአንድ መደርደሪያ ተዋናይት ሆና ተቆጠረች። ዊሊያምሰን ቃሉን ሲቃወም ኖሯል፤ ሁላችንም ተከፍሎናል፣ ተበዘበዘ የተባለው ማነው ባይ ነው። ይኸው ሰው በ1975 ራሱ ለጻፈው ፊልም ያንኑ ስድብ ርእስ አድርጎታል። የፊልም ወዳጆች ይህን እንደ ፈቃድ ይጠቅሱታል። እኔ ግን ፈቃዱ ለማን እንደተሰጠ አይታየኝም። ዊሊያምሰን ስሙንና ሥራውን አስይዞ የተጫወተበትን ቃል ምንም ሳያስይዝ የሚደግም ሰው ሌላ ግብይት ውስጥ ነው ያለው።

ክርክሩ በ1997 ዳግም ፈነዳ። የቪዲዮ ኪራይ ቤት ሠራተኛ የነበረው፣ የፊልም ወዳጆች ሁሉ ወዳጅ የሆነው ኩዌንቲን ታራንቲኖ ግሪየርን ለ«ጃኪ ብራውን» መሪ ተዋናይት አድርጎ መለሳት። ትልቅ ውለታ ነበር። በዚያው ፊልም ስድቡ ተደጋግሞ ስለገባ ስፓይክ ሊ አምርሮ ወቀሰው፤ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን ደግሞ ተከላከለለት። ለገጸ ባሕርይ የተጻፈ ቃል ቢያንስ ታሪክና ተጠያቂ ደራሲ አለው። ከፊልሙ በኋላ በጨዋታ መሐል የሚደገመው ግን ሁለቱም የሉትም፤ በእኔ ሚዛን ተቀባይነትም የለውም።

«እስካሁን የተከፋ ሰው የለም» የሚለው መከላከያ ደግሞ የስሌት ስሕተት አለበት። አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ እንዳሳየው ቅር የተሰኘ አባል ሁለት መንገድ አለው፦ መናገር ወይም መውጣት። መናገር አድካሚ፣ መውጣት ርካሽ በሆነበት የጨዋታ ክበብ የተከፋው ዝም ብሎ ይሄዳል። የቀሩት ሲቆጠሩ ሁሉም ደስተኛ ናቸው። የጠፋው ሰው በቆጠራው አይገባምና ዝምታው እንደ ስምምነት ይመዘገባል።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1973 ኤም ጂ ኤም «ሻፍት በአፍሪካ»ን በከፊል ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጾታል፤ አንጋፋው ተዋናይ ደበበ እሸቱም ተውኖበታል። ታሪኩ አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ አሸጋግሮ ስለሚበዘብዝ የሰው ንግድ ነው። የተቀረጸበት አገር ባርነትን በአዋጅ የሻረው በ1942፣ ከፊልሙ 31 ዓመት በፊት ብቻ ነበር። አዋጁ ንግዱን ዘጋ፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ዛሬም በውጭ አገር ሳሎኖቻችን ፊልም ሲታይ ጠቆር ባለ ተዋናይ ላይ ይወረወራል፤ በጓደኛሞች መካከልም እንደ ቁልምጫ ይሰማል። አያቶቹ ተፈንግለው የተሸጡበት ሰው አብሮ ተቀምጦ እንደሆነ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። እርሱም ሊናገር አይችል ይሆናል፤ ቡናውን ጨርሶ ይነሣል እንጂ።

የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ በ1970ዎቹ ሎስ አንጀለስ በፊልም ተማሪነት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሆሊዉድን የጥቁር ፊልም ቀመር አልቀበልም ካሉት አንዱ ነበር። በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» አከፋፋዮች ስላልወሰዱለት፣ እርሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። በኋላ በዋሽንግተን፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ።