የተራራ ጉዞ ቦት ጫማ አጸዳድና አያያዝ

ለተራራ ጉዞ የሚውል ቦት ጫማ ከመደበኛ ጫማ የሚለየው ቁርጭምጭሚትን አቅፎ በመያዙ፣ ጥርስ ባለው ወፍራም ሶሉና ውኃን በሚከላከል አሠራሩ ነው። ዋጋውም ከፍ ያለ በመሆኑ ለዓመታት እንዲያገለግል ይጠበቃል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ቦት ጫማ የሚበላሸው በመንገድ ላይ ሳይሆን ከጉዞ መልስ በሚፈጸም የአያያዝ ስህተት ነው። በእሳት የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ለዓመታት ተዘግቶበት የቆየ ሶል ይፈረፈራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ከተማ ውስጥ ሳይሆን በሰሜን ተራሮች ወይም በሳነቲ አምባ ላይ፣ ከመኪና መንገድ በራቀ ስፍራ ሊሆን ይችላል።

ጭቃን ማስወገድ

በጫማ ላይ የደረቀ ጭቃ የቆዳውን እርጥበትና ቅባት ስቦ ያወጣል። በእጥፋቶችና በስፌቶች መካከል የገባ ደቃቅ አሸዋም በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቆዳውንና ክሩን ይፍቃል። ስለዚህ ጽዳቱ ከጉዞው በተመለሱበት ዕለት ቢከናወን ይመረጣል። በቅድሚያ ማሰሪያውና ሶሌታው ይወጣሉ፤ ምላሱ በሚገባ ይከፈታል፤ የላላው አፈር በብሩሽ ይራገፋል። ቀጥሎም ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። እድፉ የማይለቅ ከሆነ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና መጠቀም ይቻላል፤ ሳሙናው ግን ፈጽሞ እስኪለቅ ድረስ መለቅለቅ አለበት። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት፣ በረኪናና ቤንዚን የቆዳውን ቅባት ወይም የሶሉን ማጣበቂያ ስለሚጎዱ ለዚህ ተግባር አይውሉም። ጫማውን በልብስ ማጠቢያ ማሽን ማጠብም አይመከርም። የውስጥ ክፍሉ ከላብ የሚቀር ጨው ስለሚከማችበት አልፎ አልፎ በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ሊጠረግ ይገባል።

በሶሉ ጥርሶች መካከል የተጠቀጠቀው አፈር በእንጨት ስንጥር እየተፈለቀቀ መውጣት ይኖርበታል። ይህ ለጫማው ብቻ የሚደረግ አይደለም። በተለምዶ ቅንጬ አረም የሚባለውና ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ፓርቲኒየም ከአንድ ተክል ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ያፈራል፤ ዘሩም ከጭቃ ጋር በጫማ፣ በተሽከርካሪ ጎማና በእንስሳት ኮቴ ከቦታ ወደ ቦታ ይጓዛል። አረሙ የሰብልና የግጦሽ መሬትን ይወርራል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ የበሉትን ከብቶች ወተት ያመርራል። ስለሆነም ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ፣ በተለይም ወደ ብሔራዊ ፓርክ የሚያልፍ ተጓዥ ሶሉን አስቀድሞ ማጽዳት ይጠበቅበታል። ወደ አውስትራሊያ ወይም ወደ ኒውዚላንድ የሚጓዙ ዜጎችም አፈር የነካው ጫማ በሻንጣቸው ካለ በመግቢያ ቅጹ ላይ ማሳወቅ አለባቸው፤ አለማሳወቅ ቅጣት ያስከትላል።

ማድረቅ

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ደረጃ ነው። የለፋ ቆዳ እርስ በርሱ የተሸመነ የጭረት መረብ ሲሆን፣ በፋብሪካ የሚጨመርለት ቅባት ጭረቶቹ ሳይጣበቁ እንዲተጣጠፉ ያደርጋል። እርጥብ ቆዳ ደግሞ ደረቅ ቆዳ በሚቋቋመው ሙቀት ይኮማተራል። በመሆኑም የራሰ ቦት ጫማ በካምፕ እሳት፣ በከሰል ምድጃ ወይም በማሞቂያ አጠገብ ሲቀመጥ ቆዳው ይጠብባል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሶሉን የያዘው ማጣበቂያም ይለሰልሳል። ብርድ በሚበረታበት ሌሊት እሳት ዳር ማስቀመጡ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ አንድ ምሽት ብቻ ለዓመታት ያገለግል የነበረን ጫማ ሊያበላሽ ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር የጫማውን ውስጥ በጋዜጣ ወረቀት ሞልቶ ነፋሻ በሆነ ጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። ወረቀቱ በየጥቂት ሰዓቱ ይለወጣል። ወፍራም ቆዳ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል። ከ3,500 ሜትር በላይ ባሉ የሰሜንና የባሌ ተራሮች ካምፖች የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ እርጥብ ጫማ ውጭ ካደረ በረዶ ይዞት ይነጋል፤ ስለዚህ በከረጢት ተደርጎ በድንኳኑ ውስጥ ማደር ይኖርበታል።

ቅባት መቀባት

የውኃ ጠብታ በቆዳው ላይ ከመንከባለል ይልቅ መስረግ ከጀመረ ቅባት ያስፈልጋል ማለት ነው። ለልሙጥ ቆዳ የንብ ሰም ያለበት የቆዳ ቅባት በስሱ፣ ቆዳው ጥቂት እርጥበት እያለው ይቀባል፤ ስፌቶች በተለይ አይዘለሉም። ፊቱ ሻካራ ለሆነ ቆዳና ለጨርቅ ጫማ ግን የሚረጭ ውኃ ተከላካይ እንጂ ሰም አይሆንም። ተራ የጫማ ቀለም ያሳምራል፤ ከዝናብ ግን እምብዛም አይከላከልም። ቅቤና ሞራ መቀባት ቆዳውን ለጊዜው ቢያለሰልሰውም፣ ቅባቱ ሲሻግት ሽታና ሻጋታ ያስከትላል።

ማስቀመጥና ያገለገለ ጫማ መግዛት

የበርካታ ቦት ጫማዎች መካከለኛ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ከተባለ ቀላልና ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ከአየር በሚስበው እርጥበት የተነሣ ባይለበስም እንኳ ከዓመታት በኋላ ውስጡ ይፈርሳል። ሙቀትና ጥቅጥቅ ያለ እርጥበት ሂደቱን ስለሚያፋጥኑ፣ ጫማው በላስቲክ ታስሮ ሳይሆን ደረቅና አየር በሚያገኝበት ቀዝቃዛ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል።

ሰልባጅ ጫማ የሚገዙ ሰዎች ይህንን ማወቃቸው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ቆዳው አዲስ የሚመስል ጫማ ሶሉ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ከመግዛት በፊት በቆዳውና በታችኛው ጎማ መካከል ያለውን ክፍል በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ብሎ መፈተሽ፣ ጫማውንም አጥፎ ማየት ያስፈልጋል። ክፍሉ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ጫማው ለተራራ አይሆንም። ማስቲሽም አያድነውም፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ጤነኛ አካል ስለሌለ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ይላቀቃል። መካከለኛ ሶሉ ጤነኛ ሆኖ የታችኛው ጎማ ብቻ ያለቀ ጫማ ግን ልምድ ባለው ጫማ ሰፊ ሊታደስ ይችላል።

ረጅም ጊዜ ተቀምጦ የነበረ ጫማ ከዋናው ጉዞ በፊት ለጥቂት ቀናት በቅርብ መንገድ ላይ ተጫምቶ መፈተሽ አለበት። ሶሉ በጉዞ ላይ ከተላቀቀ፣ በትርፍ የጫማ ማሰሪያ ወይም በቀጭን ሽቦ ከሶሉ ሥር አዙሮ በጫማው ጣትና ወገብ ላይ አጥብቆ ማሰር እስከ ቅርብ መንደር ያደርሳል። ማሰሪያው በድንጋይ ስለሚበላ በየዕረፍቱ መታየት ይኖርበታል።