የጌሙ ጥሩርና የታሪኩ ጥሩር፡ ከሽምብራ ቁሬ እስከ አርሲ ሜዳ



ሻሸመኔ፣ አዳማ፣ ባቱ ወይም ሞጆ ውስጥ ጌም ቤት ጎራ ያለ ወጣት አንድ ነገር ሳያይ አይወጣም። ስክሪኑ ላይ ያለው ተዋጊ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ የትከሻ ብረት ደርቧል። የራስ ቁሩ ቀንድ አለው፣ ደረቱ በወርቅ አጊጧል። ያን ሁሉ ተሸክሞ ይሮጣል፣ ገደል ይወጣል፣ ወንዝ ይዋኛል፤ ላብ የሚባል ነገር ግን አያውቀውም። ልጆቹም «የትኛው አርመር ይሻላል?» እያሉ ይከራከራሉ።

ጨዋታውን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ያነሳነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ያ ብረት ከየት መጣ? እውነተኛው የጦር ልብስ ምን ይመስል ነበር? «እንዲህ ያለ ነገር የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚለው የብዙ ወጣቶች ግምትስ ምን ያህል እውነት ነው? ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና የሚያቋርጠው አገር እኮ ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች የተጋጠሙበት አገር ነው!

*ቁጥር የሆነው ብረት*

በጌም ውስጥ የጦር ልብስ ቁጥር ነው። ይህ አካሄድ በስፋት የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን ባሳተሙት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ቆዳ ከሁሉ ዝቅ ይላል፣ የብረት ሰንሰለት ልብስ መካከለኛ ነው፣ ሙሉ የብረት ሳህን ደግሞ ከላይ ይቀመጣል። ኋላ የመጡት የኮምፒውተርና የስልክ ጌሞች ይህንኑ መሰላል ወረሱ።

ከመሰላሉ ጋር ስህተትም ወረሱ። በብዙ ጌሞች ላይ የሚታየው ብረት ነጠብጣብ ያለበት የቆዳ ልብስ የመጣው የድሮ ሥዕሎችን በተሳሳተ መንገድ ከማንበብ እንደሆነ የጦር መሣሪያ ታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ። በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች ከውስጥ የተደበቁ የብረት ሳህኖችን የያዙ የሚስማር ራሶች ናቸው። ሰዓሊው ያሳየን ውጩን ብቻ ነው፤ ጌም ሠሪው ደግሞ ውስጡን ረሳው።

በተቃራኒው ያለውም ግምት ስህተት ነው። «ሙሉ ብረት የለበሰ ሰው ከወደቀ መነሳት አይችልም» ይባላል። በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሙሉ የጦር ልብስ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር። ክብደቱ በመላ ሰውነት ስለሚከፋፈል የለመደ ሰው ይሮጥበታል፣ ፈረስም ይወጣበታል። የሚጎዳው ሙቀቱና ትንፋሽ ማጠሩ ነው። ጌሙ የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

*ዲርዕ*

በእኛ ታሪክ ዋናው የጦር ልብስ በዐረብኛ ዲርዕ፣ በአማርኛ ጥሩር የሚባለው ነው። ሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው የሚሠራ ልብስ ነው። በተለመደው አሠራር አንዱ ቀለበት አራት ሌሎችን ይይዛል። ጥሩ የሚባለው ደግሞ የእያንዳንዱ ቀለበት ጫፍ በትንሽ ሚስማር ሲመታ ነው። ለዚህ ሥራ የአንድ አንጥረኛ የብዙ ወራት ድካም ይጠይቃል። ቁርኣን በሱረቱል አንቢያእና በሱረቱ ሰበእ የነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ) ጥሩር ሠሪነት ሲያወሳ ስለ ቀለበቶቹ ልክና መመጣጠን ጭምር ማንሳቱን ልብ በሉ። የሙያው ምስጢር ያለውም እዚያው ላይ ነው፤ ቀለበቱ ከሰፋ ጦር ያስገባል፣ ከጠበበ ልብሱ ይከብዳል።

ጥሩር የጎራዴን ስለት ያስቆማል። ኃይለኛ ምትንና ሹል ጫፍን ግን ሁልጊዜ አያስቆምም። የኡሑድን ዘመቻ ታሪክ ያነበበ ይህን ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ቀን ሁለት ጥሩር ደርበው ነበር። ሆኖም ፊታቸው ላይ በደረሰባቸው ምት ከራስ ቁሩ ሁለት ቀለበቶች ጉንጫቸው ውስጥ ገቡ። አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) ቀለበቶቹን በጥርሳቸው ሲነቅሉ የራሳቸው የፊት ጥርሶች ወለቁ። ጌም ውስጥ አንድ ምት ከላይ ያለውን ቀይ መስመር ትንሽ ይቀንሳል፤ ያ ነው ጉዳቱ። እዚህ ግን የጠበቀው ብረት ራሱ ሥጋ ውስጥ ገባ፣ ለማውጣትም የወዳጅ ጥርስ ተከፈለበት።

ጥሩር ሀብትም ነበር። ዐሊይ (ረ.ዐ) ፋጢማን (ረ.ዐ) ሲያገቡ መህር የሆነው ሑጦሚያ የተባለው ጥሩራቸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓለም ሲለዩ ጥሩራቸው ለ30 ሷዕ ገብስ በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። የጦር ልብስ ትዳር የሚያስመሠርት፣ ለቤተሰብ እህል የሚያመጣ ንብረት ነበር ማለት ነው። ጌም ውስጥ ከሞተ ጠላት ላይ በአንድ ጠቅታ እንደሚወሰደው ቀላል ዕቃ አልነበረም።

*ሙቀትን የሚያውቅ ጥሩር*

ጌሞቹ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት የሚያብለጨልጭ ራቁት ብረት ነው። በሙቅ አገር ግን ፀሐይ የመታው ብረት ያቃጥላል። ለዚህ የሙስሊሙ ዓለም ባለሙያዎች ብልህ መላ ነበራቸው። በመስቀል ጦርነት ዘመን የኖረው ሶሪያዊው አሚር ኡሳማ ኢብን ሙንቂዝ (እ.ኤ.አ. 1188 የሞተ) ስለ ራሱ ልብስ ጽፎልናል። ከላይ ሲታይ ወፍራም የጨርቅ ካፖርት ነው፤ በውስጡ ግን ሁለት ጥሩሮች ተሰፍተዋል፣ አንደኛው ከፈረንጆች የተገኘ ነው። በመካከላቸው ደግሞ የተዳመጠ ሱፍ፣ ሻካራ ሐርና የጥንቸል ፀጉር ተሞልቷል። ጨርቁ ፀሐይን ይከላከላል፣ ሙሌቱ የምትን ኃይል ያበርዳል፣ ብረቱ ስለትን ይይዛል። ለጠላት ዓይን ተራ ልብስ ይመስላል!

*ሽምብራ ቁሬ*

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1529 በኢማም አሕመድ ኢብራሂምና በዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊቶች መካከል የሽምብራ ቁሬ ጦርነት ተካሄደ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ቦታውን ከዱከም እስከ ሞጆ ባለው አካባቢ ያደርጉታል። በዘመኑ ከጻፉት ዋነኛው ዐረብ ፈቂህ በሚል የሚታወቁት ሺሃቡዲን አሕመድ ናቸው። «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» የተሰኘው መጽሐፋቸው የኢማሙን ጦር 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ፣ የንጉሡን ደግሞ 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ አድርጎ ይቆጥራል። የድሮ ጸሐፊዎች የተቃራኒን ቁጥር ማብዛት ልማዳቸው ስለሆነ የመጨረሻውን አኃዝ በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

ለእኛ ርዕስ ግን ሌላው ቁጥር ይበልጥ ይነግረናል፦ 560 ፈረሰኛ በ12,000 እግረኛ። ጥሩርና የራስ ቁር በዋናነት የፈረሰኛ፣ ያውም የባለሥልጣንና የባለሀብት ዕቃ ነበሩ። «ፉቱሕ» ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞችን በሁለቱም ወገን ያነሳል። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከ1520 እስከ 1526፣ በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም በንጉሡ ሠራዊት ዘንድ ጥሩርና የራስ ቁር ጥቂት እንደነበሩ ጽፏል። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ከተሰለፉት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ጋሻ፣ ጦርና የጨርቅ ልብስ ብቻ ይዘው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ጌሙ ሁልጊዜ ባለጥሩሩን እንድንሆን ያደርገናል፤ ታሪክ ግን አብዛኛው ሰው ባለጥሩር እንዳልነበር ይነግረናል።

*ባቲ ድል ወንበራ*

በጌም ዓለም ብዙ ቅሬታ የሚነሳበት አንድ ጉዳይ የሴት ተዋጊዎች ልብስ ነው። ለወንዱ ከራስ እስከ እግር ብረት ይሰጠዋል፣ ለሴቷ ደግሞ ሆዷና ጭኗ የተራቆተ «አርመር»! ከሥነ ምግባር ጥያቄው ሌላ፣ ሆድን የማይሸፍን የጦር ልብስ የጦር ልብስ አይደለም።

የታሪካችን ሴት እንዲህ አልነበረችም። የኢማም መሕፉዝ ልጅና የኢማም አሕመድ ባለቤት የሆኑት ባቲ ድል ወንበራ ባለቤታቸውን ተከትለው እስከ ሰሜን ተራሮች ዘልቀዋል። ልጆቻቸውንም የወለዱት በዘመቻው ዓመታት ውስጥ ነው፤ አስቸጋሪውን ተራራ በሰው ሸክም ያለፉበትም ጊዜ ነበር። ከኢማሙ ሞት በኋላ ወደ ሐረር ተመለሱ፣ የኋላው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድንም አገቡ። አሚር ኑር ደግሞ የሐረርን የጀጎል ግንብ ያሠሩ ናቸው። አንድ ሰው የሚለብሰው ጥሩር እንዳለ ሁሉ፣ ጀጎል ከተማዋ የለበሰችው ጥሩር ነው ብንል አናጋንንም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

*ጥሩር የማያስቆመው*

ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1517 ግብፅን ከያዙ በኋላ ጠመንጃ በቀይ ባሕር በኩል ወደ አካባቢያችን በብዛት መግባት ጀመረ። በ1541 በክርስቶቫኦ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጠኞች ምፅዋ ወረዱ። በሚያዝያ 1542 ኢማሙ ራሳቸው በጥይት ቆሰሉ። ከየመን በመቶዎች የሚቆጠሩ የኦቶማን ነፍጠኞች ሲደርሱላቸው በነሐሴ ወር ወፍላ ላይ አሸነፉ፣ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ። በየካቲት 1543 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ በጥይት ተመተው ወደቁ። በ14 ዓመት ውስጥ ጦርነቱ ከጎራዴና ከጥሩር ወደ ባሩድ ዞረ። ጥሩር መልበስ ወዲያው ባይቀርም፣ አሸናፊውን የሚወስነው ሌላ ነገር ሆነ።

*ጋቻና*

የሻሸመኔና የአርሲ ልጅ የራሱን አያቶች የጦር ልብስ ከጠየቀ መልሱ ብረት አይደለም፤ ፈረስ፣ ኤቦና ጋቻና ነው። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በጻፉት ታሪክ ኦሮሞዎች በፈረስና በበቅሎ መዋጋት የጀመሩት በሉባ መስሌ ጊዜ፣ ማለትም በ1550ዎቹ አካባቢ እንደሆነ ይናገራሉ። ጋሻው ከወፍራም ቆዳ፣ ምርጡም ከጎሽ ቆዳ ይሠራ ነበር። እርጥቡ ቆዳ በቅርጽ ተወጥሮ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ለፈረሰኛ ደግሞ ከብረት ይቀላል። በጌም መሰላል ላይ «ቆዳ» ከታች የተቀመጠው ይህን ስለማያውቅ ነው። ቆላ ለሚጋልብ ሰው ቀላል ጋሻ ድህነት አይደለም፣ ምርጫ ነው።

ይህ ጋሻ ግን አንድ ነገር አልቻለም። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 አርሲዎች የምኒልክን ጦር በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ ለዓመታት ተቋቋሙት። በመስከረም 1886 አዙሌ ላይ በዘመናዊ ጠመንጃ ፊት እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። የጎሽ ቆዳ ጥይት አያስቆምም። በዚያ ሜዳ የወደቀ ደግሞ «እንደገና ጀምር» የሚል ቁልፍ አልነበረውም።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

ጌም ሁሉ ሐሰት ነው አንልም። በ2018 የወጣው የቼኮች ጌም «ኪንግደም ካም፡ ዴሊቨራንስ» ተጫዋቹን መጀመሪያ የጨርቅ ሙሌት፣ ከዚያ ጥሩር፣ ከዚያ ሳህን በየተራ ያስለብሰዋል፤ ይህ የራሳቸው የቦሔሚያ የ1403 ታሪክ ነው። «ማውንት ኤንድ ብሌድ»ን የሠራው ቴልወርልድስ ደግሞ መቀመጫው አንካራ ነው። የጨዋታው ዓለም የፈጠራ ቢሆንም በውስጡ የበረሃ ሱልጣኔት፣ የሰንሰለት ጥሩርና ጥምጥም ያለበት የራስ ቁር ይገኛሉ። ቼኩም ቱርኩም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፦ ወደ ራሳቸው ሙዚየም ሄደው ዐዩ። ዛሬ ሻሸመኔና አዳማ ውስጥ ግራፊክስና ኮዲንግ የሚማሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ሐረር የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የጥንት መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችንና የጦር መሣሪያዎችን ሰብስቦ ይዟል። በየገጠሩ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋሻ ዛሬም አይጠፋም። አንዱን ፎቶ አንሱ፤ ከምን እንስሳ ቆዳ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ የማን እንደነበረ አዛውንቱን ጠይቁና ጻፉት። ጋሻው ቢቀር እንኳ ጠያቂ ያጣ አዛውንት ታሪኩን ይዞት ይሄዳል።

አንድ አደራ አለን። የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ጦርነት ስናነሳ በሁለቱም ወገን የሞቱት የዚሁ አገር ልጆች እንደነበሩ አንርሳ። ዛሬ ከጎናችን የሚኖረው ክርስቲያን ጎረቤታችን የልብነ ድንግል ወታደር አይደለም፣ እኛም የዚያ ዘመን ፈረሰኞች አይደለንም። ታሪኩን ለማወቅ እናንብበው እንጂ ለኮሜንት ስድብ አንጠቀምበት።

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ የቆየ ጋሻ፣ ጦር ወይም ጥሩር ካለ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶውንና ታሪኩን በኮሜንት አጋሩን። ወላሁ አዕለም።