መያዝና መመስከር፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ማገናኛዎች መቆለፊያ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር ወር 2011 በኢጣልያ አገር ከግራን ሳሶ ተራራ ሥር በሚገኘው ቤተ ሙከራ የሚሠራ ኦፔራ የተባለ የምርምር ቡድን ዓለምን ያስደነቀ ወሬ አሰማ። ከስዊዘርላንድና ከፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ሰርን ከተባለው ማዕከል ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል ምድርን ሰንጥቀው የሚመጡት ኒውትሪኖ የተባሉ ደቂቅ አካላት፣ ብርሃን ይደርስበት ከነበረው ጊዜ 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው የደረሱ መስለው ታዩ። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ አንስታይን በ1905 ያቆመው የፊዚክስ ሕግ ከመሠረቱ በተናጋ ነበር። ሊቃውንቱ ውጤቱን ራሳቸውም ለማመን ስለ ከበዳቸው ስሌታቸውን ደጋግመው መረመሩ፤ ስሌቱ ግን ስሕተት አልተገኘበትም።

በፌብሩዋሪ 2012 ዋናው ጥፋት ከአንድ ገመድ ጫፍ ላይ ተገኘ። ከምድር ገጽ የሳተላይቱን የሰዓት ምልክት ተቀብሎ 8.3 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ተራራው ውስጥ የሚያደርሰው የብርሃን ገመድ፣ ብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚለወጥበት ሣጥን ላይ ማገናኛው እስከ መጨረሻው ሳይጠብቅ ቀርቶ ኖሯል። ገመዱ አልተነቀለም፤ ምልክቱም አልተቋረጠም። የሚደርሰው ብርሃን ስለ ደከመ ብቻ መሣሪያው ምልክቱን ዘግይቶ ያነበው ነበር። ሰዓቱ በዘገየ መጠን ኒውትሪኖዎቹ የቀደሙ መሰሉ። በማርች ወር ከቡድኑ መሪዎች ሁለቱ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፤ በጁን ወርም ኒውትሪኖ ብርሃንን እንዳልቀደመ በይፋ ተነገረ።

ይህ ታሪክ ለመሐንዲስ የሚሰጠው ትምህርት ከፊዚክሱ ይልቅ በማገናኛው ላይ ነው። ፈጽሞ የተነቀለ ማገናኛ ራሱን በራሱ ያጋልጣል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ መኪናው ይቆማል፣ ሠራተኛውም መጥቶ ይሰካዋል። በከፊል የተሰካ ማገናኛ ግን ሥራውን እየሠራ ይዋሻል። ስለዚህ የማገናኛ መቆለፊያ ሁለት ተግባር አለበት። አንደኛው መያዝ ሲሆን ሁለተኛው መመስከር ነው፤ ይኸውም ማገናኛው በእርግጥ እስከ መጨረሻው መግባቱን ለሰው ዓይን፣ ለጆሮ ወይም ለእጅ ማሳወቅ ነው። የመቆለፊያዎች ታሪክ ሲመረመር የመጀመሪያው ተግባር ቀድሞ የተሟላ መሆኑን፣ ሁለተኛው ግን ብዙ ዘመንና ብዙ ጥፋት የጠየቀ መሆኑን እንገነዘባለን።

ከጥብቁ ወደ ልሉ

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ መኖሪያ ቤት መግባት በጀመረበት በ1880ዎቹ ዓመታት ኤዲሰን ለአምፖሉ የመረጠው ማያያዣ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነበር። ግድግዳ ላይ ሶኬት ገና ባልተለመደበት በዚያ ዘመን፣ ካውያም ሆነ ማራገቢያ የሚሠራው አምፖሉን ፈትቶ በእርሱ ቦታ የመሣሪያውን ገመድ በመጠምዘዝ ነበር። አያያዙ እጅግ ጥብቅ ነበር፤ ችግሩም የመጣው ከጥብቅነቱ ነው። ማገናኛው በዞረ ቁጥር ገመዱ አብሮ ስለሚዞር ይጠማዘዛል፤ አንድ ሰው ገመዱን በእግሩ ቢጠልፈውም የሚላቀቅ ነገር አልነበረም።

በኮነቲከት ግዛት በብሪጅፖርት ከተማ ይኖር የነበረው ሃርቪ ሀብል በ1904 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሰኪያ ይህንን ችግር ለማስወገድ የታሰበ ነበር። ጥርስ ያለው ክፍል በአምፖሉ ቤት ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ይቀራል፤ ገመዱን የያዘው ክፍል ግን በቀጥታ ይሰካል፣ በቀጥታም ይነቀላል። ዛሬ በየቤቱ ያለው መሰኪያ የዚህ አስተሳሰብ ተወላጅ ነው። ይሁን እንጂ ምቾቱ ዋጋ ነበረው። መሰኪያውን የሚይዘው የብረቶቹ ፍትጊያ ብቻ ስለ ሆነ፣ በፋብሪካ ወለል ላይ በንዝረትና በገመድ መጎተት ይላቀቅ ጀመር። በመሆኑም በ1938 ያው የሀብል ኩባንያ ጥምዝ ምላስ ያለውንና ከተሰካ በኋላ ጥቂት ዞር ተደርጎ የሚቆለፈውን መሰኪያ አወጣ። ከጥብቁ ወደ ልሉ የተደረገው ጉዞ ሠላሳ አራት ዓመት ከቆየ በኋላ በከፊል ወደ መነሻው ተመለሰ ማለት ነው።

መላላት የሚያመጣው ጉዳት

ለመሆኑ አንድ ማገናኛ ጥቂት ቢላላ ምን ያስከትላል? ሁለት ብረቶች ሲነካኩ በሙሉ ገጻቸው የተገናኙ ይመስላል እንጂ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ስዊድናዊው ሊቅ ራግናር ሆልም በሰፊው እንዳጠናው፣ ኮረንቲው የሚያልፈው ሻካራ ገጾቹ በእርግጥ በሚነካኩባቸው ጥቂት ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ነው። የነጥቦቹ ብዛትና ስፋት የሚወሰነው ብረቶቹን በሚያጣብቀው ኃይል ነው። ኃይሉ ሲቀንስ ነጥቦቹ ያንሳሉ፣ ሬዚስታንሱም ይጨምራል። በንዝረት ምክንያት ብረቶቹ ጥቂት በጥቂቱ ሲፋተጉ ደግሞ ገጻቸው ላይ ዝገት እየተፈጠረ ነገሩን ያባብሰዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የመገናኛው ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ቢደርስና 10 አምፔር ቢያልፍበት 10 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። 10 ዋት በአንድ ክፍል ውስጥ ቢበተን የሚሰማው የለም፤ ከሽምብራ ፍሬ በማይበልጥ ስፍራ ላይ ሲከማች ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ፊውዙ ደግሞ ይህንን አያይም። የሚያልፈው ኮረንቲ ከተፈቀደው መጠን ስላልበለጠ፣ ጠባቂው በሰላም ተኝቶ ሳለ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል።

ጥርስና ሳንጃ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳርንና የሬዲዮ መገናኛን ሲያስፋፋ የማገናኛ ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆነ። በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ፖል ኒል በ1940ዎቹ ዓመታት ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያገለግል በጥርስ የሚጠብቅ ማገናኛ ሠራ፤ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደል ተወስዶ ኤን ተባለ። የአምፊኖሉ ካርል ኮንሰልማንም ሲ የተባለውን አወጣ፤ ይህኛው በጠመንጃ አፍ ላይ ሳንጃ እንደሚሰካ ተገፍቶና ዞር ተደርጎ የሚቆለፍ ነበር። ቢኤንሲ የተባለው አነስተኛ ማገናኛ የሁለቱን ሰዎች ስም ከሳንጃው ጋር ይዞ ይጠራል። ኦክታቪዮ ሳላቲ በ1945 ያመለከተበት የፈጠራ መብትም ለዚህ ዓይነቱ ማገናኛ መሠረት ሲሆን የተሰጠው በ1951 ነው።

የሳንጃው ጥቅም ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ቀለበቱ ሩብ ዙር ሲዞር ሞላው ይገፋና ጉጡ ከጉድጓዱ ገብቶ ይቀመጣል፤ የሠራተኛውም እጅ ይህንን ያውቃል። በጥርስ የሚጠብቀው ግን ሦስት ዙር ዞሮ የቆመና አምስት ዙር ዞሮ የቆመ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። በሌላ በኩል ሳንጃው የሚይዘው በሞላ ኃይል ስለ ሆነ፣ ንዝረት በበዛበት ስፍራ ማገናኛው ይንቀጠቀጣል፣ ምልክቱም ይረበሻል። በዚህ ምክንያት በ1950ዎቹ መጨረሻ የቢኤንሲ የጥርስ አቻ የሆነው ቲኤንሲ ተፈጠረ። መሐንዲሶች በዚህ ምርጫ ፊት ቆሙ፤ ሳንጃው የተሻለ ምስክር ሲሆን ጥርሱ የተሻለ ያዥ ነበር።

በአውሮፕላን ሥራ ሁለቱን ማጣመር ግድ ሆነ። በመጀመሪያ የተወሰደው መፍትሔ የማገናኛውን ቀለበት ካጠበቁ በኋላ በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አሳልፎ ማሰር ነበር። ሽቦው ቀለበቱ ወደ ኋላ እንዳይዞር ይይዛል፤ ደግሞም አንድ ሰው በዚህ ስፍራ ቆሞ እንዳጠበቀ ይመሰክራል። ነገር ግን ሥራው ጊዜ ይፈጃል፤ ሽቦው የታሰረው ቀለበቱ በትክክል ሳይጠብቅ ከሆነም ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጣው፣ በ38999 ቁጥር የሚታወቀው የአሜሪካ ጦር ደረጃ ሦስተኛው ተከታታይ፣ ችግሩን በሦስት ዘዴዎች ፈታ። ጥርሱ ሦስት መነሻ ስላለው በአንድ ሙሉ ዙር ይጠብቃል፤ በውስጡ ያለው መቀርቀሪያ በንዝረት ወደ ኋላ እንዳይዞር ያግደዋል፤ በመቀበያው ላይ የተቀባ ቀይ መስመር ደግሞ ማገናኛው እስከ መጨረሻው ሲገባ ይሸፈናል። ቀዩ ከታየ ሥራው አላለቀም። መርማሪው ያጠበቀውን ሰው መጠየቅ ሳያስፈልገው በዓይኑ ያረጋግጣል።

በድምፅ የሚመሰክር

ከጦሩ ውጭም ተመሳሳይ ጉዞ ነበር። ጄምስ ካነን በ1915 በሎስ አንጀለስ ያቋቋመው ኩባንያ ለድምፅ መሣሪያዎች ያወጣው ኤክስ የተባለ ማገናኛ መጀመሪያ መቀርቀሪያ አልነበረውም። በኋላ መቀርቀሪያ ተጨምሮለት ኤክስኤል፣ ቀጥሎም ፒኖቹን የሚቀበለው ክፍል በጎማ ተለብጦ ኤክስኤልአር ተባለ። ዛሬ በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ ማይክሮፎን ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ሲገባ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ መድረክ ላይ በጨለማ የሚሠራ ሰው ሌላ ምስክር አያሻውም።

መቆለፊያ ሁሉ ግን በመያዝ ብቻ አይመሰገንም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ በተገቢው መንገድ ሲጠየቅ የማይለቅ መቆለፊያም ሌላ ጉዳት ያመጣል። በስዊዘርላንድ ለሞ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው ሌዎን ሙቴ በ1957 ያስተዋወቀው ማገናኛ ይህንን በብልሃት ፈትቷል። ገመዱ ሲጎተት መንጠቆዎቹ ይበልጥ ይነክሳሉ፤ የውጭ ቀፎው በእጅ ሲሳብ ግን ወዲያው ይለቃሉ። በስሕተት የመጣውን ጉተታና በፈቃድ የመጣውን እጅ ለይቶ ያውቃል ማለት ነው። በአንጻሩ በ1970ዎቹ የተስፋፋውና ኋላም ለኮምፒዩተር መረብ የዋለው የስልክ መሰኪያ፣ ዋጋው ርካሽ እንዲሆን መቆለፊያው አንዲት የፕላስቲክ ምላስ ብቻ ሆነ። ምላሷ ስትሰበር መሰኪያው ከቦታው ይቀመጣል፣ መሥመሩም ይሠራል፤ አንድ ሰው ጠረጴዛውን እስኪነካ ድረስ።

ሁለተኛው ምስክር

በመኪና ሥራ ከዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተሄደ። ለአየር ከረጢት በመሳሰሉት መሥመሮች ላይ፣ ከዋናው መቀርቀሪያ ሌላ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ጎልቶ የሚታይ ትንሽ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ተጨመረ። ይህ መቀርቀሪያ የመጀመሪያው በትክክል ካልገባ በቀር አልገፋም ይላል። ሠራተኛው ቸኩሎ ቢያልፈው እንኳ ወጥቶ የቀረው መቀርቀሪያ ለመርማሪው ዓይን ይታያል።

ይህ ጥበብ በሚገባ ከታወቀ በኋላም የተዘነጋበት ጊዜ አለ። በ2022 ለኮምፒዩተር የምስል ካርድ በወጣው አዲስ የኃይል ማገናኛ እስከ 600 ዋት በ12 ቮልት እንዲያልፍ ተፈቀደ። ይህም 50 አምፔር በስድስት ጥቃቅን ፒኖች ላይ ተከፋፍሎ ያልፋል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር የቀለጡ ማገናኛዎች ወሬ ተሰማ፤ በምርመራም እስከ መጨረሻው አለመግባታቸው እንደ ዋና ምክንያት ተጠቀሰ። ማገናኛው በከፊል ሲገባም ካርዱ ሙሉ ኃይል እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። በ2023 በተሻሻለው ደረጃ ኃይል የሚያሳልፉት ፒኖች ጥቂት ረዘሙ፤ ጠቋሚ የሆኑት ትንንሽ ፒኖች ግን አጠሩ። እነዚህ መጨረሻ ስለሚነኩ፣ ማገናኛው በሚገባ ካልገባ ካርዱ ኃይል አይጠይቅም። ማሻሻያው ችግሩን ፈጽሞ አላጠፋውም፤ በ2025ም የቀለጡ ታይተዋል። ቢሆንም አቅጣጫው ትክክል ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ይህንኑ ሐሳብ ከፍ ባለ ኃይል ላይ ይሠራበታል። ተለዋዋጭ ኮረንቲ በ50 ኸርዝ በሰከንድ መቶ ጊዜ በዜሮ ስለሚያልፍ የእሳት ብልጭታው የመጥፋት ዕድል አለው፤ ቀጥተኛው ኮረንቲ ግን ዜሮን አያውቅምና፣ በ400 ወይም በ800 ቮልት ሥራ ላይ ሳለ ማገናኛውን መንቀል እሳት መጫር ነው። ስለዚህ በፈጣን መሙያ ላይ ማገናኛው በሞተር በሚንቀሳቀስ ዘንግ ይቆለፋል፤ ኃይሉ ሳይቋረጥም አይከፈትም። በጄ1772 ደረጃ ደግሞ እጅ መልቀቂያውን ሲጫን የአንድ ሽቦ ሬዚስታንስ ይለወጣል፤ መኪናውም ፒኖቹ ከመለያየታቸው በፊት ኃይል መውሰዱን ያቆማል። መቆለፊያው በዚህ ስፍራ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያውም ይመሰክራል።

ጉዳዩ በአገራችን

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ መሆኑ ቀርቷል። ወደ አገር የሚገቡት መኪናዎች ግማሾቹ የቻይናን፣ ሌሎቹ የአውሮፓን ደረጃ የተከተለ ማገናኛ ይዘው ይመጣሉ። በመሙያውና በመኪናው መካከል አስማሚ ሲገባ አንዱ ግንኙነት ሁለት ይሆናል። መኪናው የሚቆልፈውና የሚያውቀው የራሱን ጎን ብቻ ነው፤ በአስማሚውና በመሙያው ገመድ መካከል ስላለው ግንኙነት የሚመሰክር ካልተገኘ፣ ለብዙ ዓመታት የተገነባው ጥበቃ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ከዚህም ሌላ የተሰበረ መቀርቀሪያን በላስቲክ ወይም በሽቦ አስሮ ማሠራት በየሥፍራው የተለመደ ነው። ላስቲኩ መያዙን ይይዝ ይሆናል፤ የሚመሰክረው ግን አንዳች ነገር የለም።

እንግዲህ ዕቃ የሚመርጥ፣ ሥራ የሚረከብ ወይም ደረጃ የሚያወጣ መሐንዲስ በእያንዳንዱ ማገናኛ ፊት ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ይገባዋል። ይይዛል ወይ? ካልያዘስ በምን ይታወቃል? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሌለው ማገናኛ በገበያ ላይ እምብዛም አይገኝም። ለሁለተኛው መልስ ያጣው ግን ብዙ ነው፤ ጥፋቱም የሚገለጠው፣ በግራን ሳሶ እንደ ታየው፣ ሁሉ ነገር ደኅና መስሎ ከሠራ በኋላ ነው።